ሰኞና ዓርብ የሚመጣው ጎብኚ

ሥራዬ ሰው መቁጠር ነው። ገበያ መሀል ቆሜ ወይም ቤት ለቤት ዞሬ አይደለም። ታማሌ ከተማ፣ ከሞተር ጠጋኞቹ በላይ ባለችው ቢሯችን፣ ቬንትሌተር ሥር ተቀምጬ ነው። ወደ ድረ ገጻችን ማን ገባ፣ በምን ዓይነት ስልክ ገባ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ምኑን ነካ፣ የቱ ጋ ሰልችቶት ወጣ፤ መከታተያው ፕሮግራም ሁሉንም ይለቅምልኛል። እኔ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ለሐጂ ሙሙኒ ሪፖርት እጽፋለሁ። የሰውየውን ስም አያሳየኝም፣ መልኩንም አያሳየኝም። ቢሆንም አንድ የማላውቀው ሰው የትኛውን ልንካ ብሎ ሲያመነታ ማየት ደስ ይለኛል።

በቁጥር ነገር ደረቅ ነኝ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሐጂ እንኳ፣ «ራሂ ልጄ፣ ይቺን ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሰው፣ አንድ ሺህ ነው ብትያት ምን ትሆኛለሽ?» ብለው ሲለማመጡኝ አሻፈረኝ ብያለሁ። አለቃዬ ናቸው፣ እንደ አባቴም አከብራቸዋለሁ፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው።

መሥሪያ ቤታችን ለገበሬና ለእናቶች የሚሆን ምክር ያወጣል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ በዳጎምባዎች ቋንቋ በዳግባኒ ደግሞ በድምፅ፤ ማንበብ የማይችለው እንዲሰማ ተብሎ ነው። የዳግባኒው ድምፅ የናፓሪ ነው።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት መቅጃ ክፍል አልነበረንም። የዕቃ ክፍሉን ባዶ አድርገን ግድግዳውን በፍራሽ ሸፈንነው። በሩ አልዘጋ አለ። ከመስኮቱ ሥር የጎረቤት ጅግራዎች ይንጫጫሉ። ሐጂ ዓይናቸውን ወዲያ ወዲህ አንከራተቱና እኔ ላይ ጣሉት፤ ሥራ የፈታሁ መስያቸው ይሆናል። በሩን በጀርባዬ ደግፌ እንድቆም ታዘዝኩ።

ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በጀርባዬ ነው፤ በእንጨቱ በኩል አልፎ ገባ። ስለ ኦቾሎኒ ነበር የሚያወራው። ስለ ኦቾሎኒ! ሻጋታ የያዘውን ለይቶ ስለ መጣል፣ መሬት ላይ ሳይሆን ምንጣፍ ላይ ስለ ማስጣት። እኔ ግን ትንፋሼን ውጬ ሰማሁት። ሲጨርስ ቅር አለኝ።

በሩን ሲከፍት ላብ በላብ ሆኗል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቁ ከዓይኑ የሚጀምር ሰው ነው።

«በሩ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ቆጣሪ ነኝ።»

«የምን ቆጣሪ?»

«አንተን የሚሰማህን ሰው የምቆጥር።»

ሳቁን ተወና ትንሽ አየኝ። «እንግዲያው ፈጣሪ ካንቺ ጋር ያስታርቀኝ» አለና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ ይመጣል። ድምፁን ይቀዳና ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ይደገፋል። በቅጠል የተጠቀለለ ዋቼም፣ ከአደንጓሬ ጋር የተቀቀለ ሩዝ፣ ይዞልኝ ይመጣል፤ በርበሬው እኔ እንደምወደው የበዛበት።

«ራሂ፣ ስንት ሆንን?»

«ሦስት።»

«ባለፈው አራት አልነበርን?»

«አንዱ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆይቶ ወጣ።»

«አሥራ አንድ ሰከንድ? ገና ስሜን እኮ አልጨረስኩም!»

እንስቃለን። እሱ ሲሄድ ጠረጴዛዬ ባዶ ይሆንብኛል። ሐሙስ የሚባለው ቀን በሳምንት አንድ ብቻ መሆኑ ያናድደኝ ጀመር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ቤቴ ገብቼ ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ የናፓሪን ድምፅ ከስልኬ ከፍቼ እሰማ ነበር። ሠላሳ አንዱንም ትምህርት። ስለ ሕፃናት ትኩሳት፣ ስለ እባብ፣ ስለ በቆሎ ነቀዝ። ልጅም እርሻም የለኝም። ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስልክ ከቆጠራው ውጭ ነው፤ ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምሰማው እኔ፣ በመዝገቡ ላይ አልነበርኩም።

የድምፁ ገጽ በተከፈተ በሰባተኛው ወር ሐጂ ጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ጽፈዋል» አሉኝ። «የድምፁ ገጽ መቶ ሰሚ እንኳ ከሌለው ይዘጋ ነው የሚሉት። ስንት አለን?»

«ሃያ ሦስት።»

«በወር?»

«በሰባት ወር፣ ሐጂ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እንግዲህ እንዳለ ጻፊው። አንቺ መቼም አትዋሺልኝም» አሉ።

ናፓሪ ወሬውን ሰምቶ ኖሯል። ሐሙስ ሲመጣ ድምፅ ሊቀዳ አልገባም፤ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«አክራ አንድ ማስታወቂያ ቤት ጠርቶኛል» አለ። «የሳሙና ማስታወቂያ የሚያነብ ይፈልጋሉ። ገጹ ከተዘጋ እሄዳለሁ። ስንት ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«ያለውን። ሃያ ሦስት።»

እጁን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈ። እኔ ደግሞ እጁን አያለሁ። አትሂድ ልለው አፌ ላይ ደርሷል። ሁለት ቃል አይሞላም እኮ!

«አንቺ ራስሽ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አንዱን እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ምላሴን በቆረጠው። ጠረጴዛው ዙሪያ ሌሎች ሠራተኞች ጆሯቸውን አቁመዋል፤ አፈርኩ፤ ሳፍር ደግሞ ክፉ እሆናለሁ።

«የመሥሪያ ቤት ሰው አይቆጠርም» አልኩት።

«ገባኝ» አለ። ዋቼውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እስከ ማታ ድረስ ሳልፈታው እዚያው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሪፖርቱን ለመዝጋት ማልጄ ገባሁ። ከመዝጋቴ በፊት ግን የሮቦቶቹን ማጠራቀሚያ ማጽዳት ነበረብኝ። ወደ ድረ ገጽ የሚገባው ሁሉ ሰው አይደለም፤ ኢንተርኔቱን እየዞሩ ገጽ የሚያገላብጡ ማሽኖች ሞልተዋል፤ እነሱን ለይቼ ከቁጥሩ የማወጣው እኔ ነኝ።

እዚያ ውስጥ አንድ አሮጌ ደንበኛ አለ። ገና በሁለተኛው ሳምንት ነው የጣልኩት። በሰባት ወር ሃምሳ ስምንት ጊዜ መጥቷል። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ሁልጊዜ ሰኞና ዓርብ። አሥራ አንድ ደቂቃ የሆነ ትምህርት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣል። ድምፁን ያስኬዳል፣ ያቆማል፣ ያስኬዳል፣ ያቆማል፤ አርባና ሃምሳ ጊዜ። ሌላ ነገር አይነካም። «ሰው እንዲህ አያደርግም» ብዬ ነበር የጣልኩት። ወይ ማሽን ነው፣ ወይ ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ነው።

ያን ጊዜ ደግሞ ገብቶ ነበር። እያየሁት የኦቾሎኒውን ከፈተ።

እውነቱን ልናገር፣ ምርመራ አልነበረም ያሰብኩት። ናፓሪ ሆዱ ብሶት ሄዷል፣ ድምፁ ናፈቀኝ፣ እኔም ያንኑ የኦቾሎኒውን በስልኬ ከፈትኩት። ጎብኚው አሥራ አራተኛው ሰከንድ ላይ አቆመ። የኔ ስልክ ላይ ናፓሪ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የጨረሰው አሥራ አራተኛው ሰከንድ ላይ ነው። ቀጥሎ ሃያ ዘጠነኛው ላይ አቆመ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ያለቀው እዚያ ነው።

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የድሮዎቹን መዝገቦች አወጣሁ። አንድ በአንድ አመሳከርኩ። አርባ ሰባት ጊዜ ካቆመ አርባ ሰባቱም ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ነው። አንድም ጊዜ ቃል መሀል ላይ አልቆረጠም።

ኔትወርክ ዳግባኒ አይችልም። ሮቦትም አይችልም።

ሌላም ነገር አየሁ። ከአጭር ዓረፍተ ነገር በኋላ ያለው ዝምታ አጭር ነው፣ ከረጅሙ በኋላ ያለው ረጅም። አንድ ሰው ያንን ቃል መልሶ የሚናገር ያህል። ሰባት ወር ሙሉ ሰውን ብረት ነው ብዬ ስጥለው ኖሬያለሁ፤ እኔ፣ በቁጥር የማልዋሸው!

ላፕቶፔን ደረቴ ላይ አቅፌ ሞተሬን አስነሳሁ። ናፓሪ ሌላውን ቀን የሚሠራው አጎቱ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ሰፌድ የሚያህል ኮሌታ ላይ ጥልፍ ያስገባል። ሲያየኝ የስፌት መኪናውን አላቆመም።

«ሪፖርቱን ልታሳዪኝ ነው?»

«ዝም በልና እይ» አልኩት። ላፕቶፑን ጨርቁ ላይ አስቀምጬ አሳየሁት። «ሁልጊዜ ሰኞና ዓርብ የሚመጣ ጎብኚ ነው፤ ሲያቆም እይ። ይሄ፣ ‹እርጥብ ኦቾሎኒ ጎተራ አታስገቡ› ያልክበት ነው። ይሄኛው፣ ‹ሽታው ከተለወጠ ለዶሮም አትስጡት› ያልክበት። ይሄ ደግሞ ትንሽ ሳል ብለህ፣ ‹እናቶቼ› ብለህ የቀጠልክበት...»

መኪናው ቆመ። ስክሪኑን ማየት ትቶ እኔን ያያል።

«የቱ ጋ እንደሳልኩ በምን አወቅሽ?»

«ሠላሳ አንዱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ» አልኩት። «የመሥሪያ ቤት ሰው ስለሆንኩ ነው የማልቆጠረው።»

መንገድ ላይ ሞተሮች ያልፋሉ፣ አጎቱ ጓሮ ሆነው ሰው ይጣራሉ፣ እኛ እንተያያለን። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ላፕቶፑ የመለሰው እሱ ነው፤ ጆሮው ድረስ ሞቆት ነበር።

«ሁልጊዜ ሰኞና ዓርብ ነው ያልሽው?»

«አዎ። ለዚህ እኮ ነው ማሽን የመሰለኝ።»

«ራሂ፣ የዳጎምባ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ሰኞና ዓርብ ጠዋት ሰው የት ነው የሚሄደው?»

ሰኞና ዓርብ ጠዋት ሹሙን ሰላም የሚሉበት ቀን ነው። ሹም ፊት ደግሞ ማንም በቀጥታ አይናገርም። እንግዳው አንድ ዓረፍተ ነገር ይልና ይቆማል፤ ውላና፣ ቃል አቀባዩ ማለት ነው፣ ያንን ቃል ተቀብሎ ለሹሙና ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ ያደርሳል። ከዚያ እንግዳው ይቀጥላል። የከተማ ልጅ ብሆንም ይህን ሳላውቅ አላደግኩም።

«ድምፅህን እንደ እንግዳ ተቀብለውታል» አልኩ።

የትኛው መንደር እንደሆነ ግን መከታተያው አይናገርም። የሰሜኑን አገር ግማሽ «ታማሌ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ሹሙ ደግሞ በየመንደሩ ነው።

«እንጠይቃቸዋ» አለ ናፓሪ። «ሰላም ያልተባለ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?»

ሐጂን ለመንኳቸው። እስከ ሰኞ ቀትር ሰጡን። ናፓሪ የአንድ ደቂቃ ሰላምታ ቀዳ። ደህና አደራችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ እኔ ናፓሪ ነኝ፣ እናንተ እነማን ናችሁ፤ ካለ በኋላ የኔን ስልክ ቁጥር ነገራቸው። ከገጹ አናት ላይ አደረግኩት።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችንም ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የለም። ከአሥር ሆነ። ከዚያ ትንሿ አረንጓዴ ነጥብ በራች።

«መጡ» አልኩ በሹክሹክታ፤ የሚሰሙን መሰለኝ።

አዲሱን ነኩት። «ደህና አደራችሁ» ላይ አቆሙ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ናፓሪ የወንበሬን ክንድ ጨብጧል። አራት ደቂቃ ሙሉ ያች ነጥብ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። እኛም አልተንቀሳቀስንም። በሕይወቴ አንድን ነጥብ እንዲያ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀጠሉ። ስልክ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ መለሱት።

ስልኬ ጮኸ።

«ለኦቾሎኒው ሰው አቀብይልኝ» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

ድምፁን ለሁላችን ከፈትኩት። ናፓሪ ስልኩን ሲቀበል፣ ቢሮ መሀል፣ ጫማውን አውልቆ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ፤ ሹም ፊት እንደሚደረገው። ማንም አልሳቀበትም።

«ናአ የሚሉህ ይህን ነው» አለ ሽማግሌው፤ ናአ ማለት ሹም ነው። «ሰባት ወር ሙሉ በመጣህ ቁጥር ሰላም ስንልህ አንድ ቀን አልመለስክልንም። ዛሬ ምን አስታወሰህ?»

«ይቅር በሉኝ አባቴ፣ አልሰማኋችሁም ነበር።»

«ናአም ይህንኑ ብለዋል። ጆሮው ነው እንጂ ልቡ መልካም ነው ብለዋል። የሳንፒሊ መንደር ሰዎች ነን። ዓርብ ና።»

ሐጂ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «ሂዱ» አሉ። «ሦስት ሴትና አንድ ፍየል ከሆኑ ግን ማታውኑ ሪፖርቱን እልከዋለሁ። ለአንድ ስልክ ብዬ መሥሪያ ቤቱን አላስዘጋም።»

ዓርብ በኔ ሞተር ሄድን። እኔ ነዳሁ፤ እሱ ለሹም የሚሰጠውን የኮላ ፍሬ በከረጢት አቅፎ ከኋላ ተቀመጠ። ከአስፋልቱ ወጥተን ሁለት ሰዓት በቀይ አቧራ ተጓዝን። ጉድጓድ ባጋጠመን ቁጥር ትከሻዬን ይይዝና መልሶ ይለቀኛል። ጉድጓዱ ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ መንደሩ ስንቃረብ መንገዱ በሰው ተሞላ። ብስክሌት ላይ ሦስት ሆነው፣ ሕፃን አዝለው፣ በርጩማ ተሸክመው። ፍጥነቴን ቀነስኩ።

«እናቴ፣ ለቅሶ ነው?» አልኳት አንዷን።

«የምን ለቅሶ! የኦቾሎኒው ሰው ሊመጣ ነው!» አለችኝና ሳታየን እርምጃዋን ቀጠለች።

ከመንደሩ ትልቅ ዛፍ ሥር ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። ሕዝቡ በዛፉ ዙሪያ በክብ ተቀምጧል። መሀል ላይ፣ ከሹም መቀመጫ ፊት ለፊት፣ የበግ አጎዛ ተነጥፏል። አጎዛው ላይ መስታወቷ የተሰነጠቀ ትንሽ ስልክ ተቀምጣለች። ከስልኳ ፊት ውኃ የሞላ ቅል አለ። እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ውኃ ነው የሚቀርብለት። ሰባት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለናፓሪ ድምፅ አጎዛ እያነጠፉ፣ ውኃ እያቀረቡ ኖረዋል።

ናፓሪ ያን ቅል ሲያይ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቁጠር ጀመርኩ። በረድፍ። ሰው የመጣው ከሰባት መንደር ነው አሉኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ እንባዬ ዓይኔን ጋረደኝና አቆምኩ። ገና ግማሹን ክብ አልጨረስኩም ነበር።

ሹሟ፣ ናአ የሚሏቸው፣ አሮጊት ናቸው። እንደ ወንድ ሹም ሰፊ ካባና ቆብ አድርገው ቆዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጫማችንን አውልቀን ቁጢጥ አልን። ኮላውን ሰጠን። ውላና፣ በስልክ የሰማነው ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ነው።

«ናአ ይጠይቃሉ» አለ። «የድምፁ ባለቤት የትኛችሁ ናችሁ?»

ናፓሪ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ ነኝ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ። ደህና አደራችሁ» አለ።

ያን ጊዜ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ከፊት ያሉት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። አንድ ሽማግሌ ስልኳን አየ፣ ናፓሪን አየ፣ መልሶ ስልኳን አየ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ «ኧረ!» አሉ። እኛ እነሱን ስናይ ተአምር ነው እንላለን፤ እነሱ እሱን እያዩ ያንኑ ይላሉ።

«ገጹ ሊዘጋ ነው ብላችሁ በስልክ የነገራችሁን እውነት ነው?» አስጠየቁ ናአ። «ማን ነው የሚዘጋው?»

ናፓሪ ሊናገር ሲል ቀደምኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ ለውላና። «ሰው የምቆጥረው እኔ ነኝ። እናንተ ስትገቡ አየኋችሁ፤ ግን ሰው አልመሰላችሁኝም። ሮቦት ናቸው ብዬ ከቁጥር አወጣኋችሁ። በዚህ ምክንያት ገጹ ሊዘጋ፣ እሱም ታማሌን ለቆ አክራ ሊሄድ ነበር። ይቅር በሉኝ።»

ውላና ግራ ገባው። «ሮቦት ምንድን ነው?»

«ብረት... የሚንቀሳቀስ ብረት።»

ወደ ሕዝቡ ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ብረት መስለናት ነው ትላለች!»

ሳቁ ከዛፉ ላይ ቅጠል ያረግፋል። ናአ ራሳቸው ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ብረት ብሆንማ ጉልበቴ እንዲህ አይጠዘጥዘኝም ነበር በሏት» አሉ።

ስለ ሪፖርቱ እዚሁ ልንገራችሁና ይለቅልን። በኋላ ላይ፣ «አንድ ስልክ፤ ቢያንስ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፤ የቀረውን መቁጠር አልቻልኩም፤ ራሂናቱ» ብዬ ጻፍኩ። ሐጂ አንዲት ፊደል ሳይነኩ ፈረሙበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጹ ይቀጥል የሚል መልስ መጣ። ያን ዕለት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ሳቁ ሲበርድ ናአ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ናፓሪን አዩት። ከዚያ ውላናን ጠርተው አንድ ነገር አሉት፤ እሱም ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ ተቀበለ።

«ናአ እንዲህ ይላሉ! ይህ ሰው ባሌ ነው፤ ሰባት ወር በሳምንት ሁለቴ እየመጣ ሲያጫውተኝ ከርሟል። ታዲያ ዛሬ ከኋላዋ ተፈናጦ የመጣባት ይቺ ቆንጆ ማን ናት? ጣውንቴ ናት?»

ሴቶቹ እልል አሉ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ናፓሪ ግን አልሳቀም። ወደ ውላና ጠጋ ብሎ በዝቅታ ተናገረ። እሱ በዝቅታ ቢናገርም ምን ዋጋ አለው? ውላና ተቀብሎ ጮክ ብሎ ያደርሰዋል።

«በየሐሙሱ እየሄድኩ፣ ስንት ሰው ሰማኝ ብዬ የምጠይቃት ልጅ ናት ይላል!»

ሕዝቡ፣ «እህ!» አለ።

«የቁጥሩ ነገር ግን ብዙም አላስጨነቀኝም ይላል!»

«እህ!»

ውላና ቀጣዩን ሲሰማ ናፓሪን ቀና ብሎ አየው፤ እርግጠኛ ነህ? እንደማለት። ናፓሪ ራሱን ነቀነቀ።

«ጠረጴዛዋ አጠገብ የምቆምበት ሌላ ምክንያት ስላጣሁ ነው ይላል! አንድም ሰው አልሰማህም ብትለኝ ኖሮም ሐሙስ ሐሙስ እመጣ ነበር ይላል!»

ከአራት መቶ በላይ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ናአ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ ውላና ቃሌን ሊቀበል ጆሮውን አቀረበልኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ናአ እጃቸውን አወዛወዙ። «ውላና፣ ዞር በልላት» አሉ በራሳቸው አንደበት፤ ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ጭጭ አለ። «ይቺን ራሷ ትበለው።»

ዞርኩ። ሹሟ ፊት ቁጢጥ እንዳልኩ፣ ጀርባዬን እንዳልሰጣቸው እየተጠነቀቅኩ፣ ወደ ናፓሪ ዞርኩ። ሳምንት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ የሚመለሰውን አወጣሁት።

«ናፓሪ፣ አክራ አትሂድ።»

«ገጹ ከተረፈማ ለምን እሄዳለሁ?»

«ቢዘጋም አትሂድ።»

«ቢዘጋም?» አለ። ዓይኑ መሳቅ ጀምሯል፤ አሳምሮ ያውቃል፣ ግን ሊያስለፈልፈኝ ነው። «ቢዘጋማ ለምን እቀራለሁ?»

«ስለምወድህ» አልኩት፤ እሱ ብቻ እንዲሰማኝ ብዬ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ።

ውላና ግን ሠላሳ ዓመት የሠራበት ሥራ ነውና አላስቻለውም። ብድግ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ስለምትወደው ነው ትላለች!»